በአንዱ ሳህን ላይ

ተመራማሪዋ በላቦራቶሪ ሳህኖች ውስጥ ከህዋስ የምታሳድጋቸው የጉበት ቁራሾች ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጡም። አንድ ቀን የታመመ ጉበት ይተካሉ ብላ ዓመታት ደክማባቸዋለች። እናቷ ይህን ስትሰማ፣ ለወፍ በሽታ የምትጨምቀውን ቅጠል በብልቃጥ ሞልታ፣ "ይቺን ጠብ አድርጊበት፤ ጉበት ታጠነክራለች" አለቻት። እምቢ ብላ ልታስቀይማት አልፈለገችም። በአንዱ ሳህን ላይ ብቻ ጠብ አደረገችበት።

በማግስቱ የሌሎቹ ሳህኖች ጉበት ደህና ነበር፤ የዚያኛው ግን ጠቁሮ ሞቷል። ወንድሟ ታዴዎስ የወፍ በሽታ ይዞት ሳለ፣ እስኪሞት ድረስ የጠጣው ይህንኑ ጭማቂ ነበር። እናቷ እስከ ዛሬ "አሳንሼበት ነው ልጄን ያጣሁት" እያለች ታለቅሳለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

"ቅጠሉስ ልጄ? ምን አደረገው?"

"አለመለመው፣ እማዬ" አለች።

እናቷ ወደ ሰማይ ቀና ብላ "ተመስገን!" አለች። ከዚያ ከበሩ ጥግ ሙሉ ጣሳ አነሳች።

"የእትዬ ውድነሽ ልጅ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ልስጠው አልስጠው እያልኩ አንቺን ስጠብቅ ነበር። እሱ ላይ ግን አላሳንስም።"