ሾፌሩ ያልጠራው ስም

አምባቸው ፍሬኑን ረገጠ... መኪናው አልያዘም።

ደግሞ ረገጠ... ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ምንም የለም።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ 1975 ዓ.ም.። ቦታው ከጉንደ ወይን ወደ ሞጣ ሲኬድ ያለ ቁልቁለት።

መኪናው የመንግሥት ላንድሮቨር ነው... ገና ትናንት ቢቸና ሰርቪስ ተደርጎ የወጣ።

ከሾፌሩ ጎን ጓድ ደምለው የሚባሉ ባለሥልጣን ተቀምጠዋል። ከኋላ ደግሞ ደብረ ወርቅ ላይ "እባካችሁ ሞጣ አድርሱኝ" ብለው የተሳፈሩ አንዲት እናት አሉ... እማማ ይርጋነሽ።

"ጓድ፣ ፍሬን የለም" አለ አምባቸው ዝግ ብሎ።

"የለም ማለት ምን ማለት ነው?"

አምባቸው ማርሽ ቀነሰ... ሞተሩ ጮኸ... የእጅ ፍሬኑን ሳበ... ኩርባው እየቀረበ ነው። ከኩርባው ማዶ ገደል ነው።

"እመብርሃን... እመብርሃን..." ይላሉ እማማ ይርጋነሽ።

አምባቸው መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘ። መኪናው አፈሩን እየፋቀ ሄደ ሄደና... ቆመ።

ማንም አልሞተም።

ጓድ ደምለው ግን ገና እግራቸው መሬት ሲነካ፣

"ይሄ አሻጥር ነው" አሉ። "መኪናውን ማነው የሠራው? ስሙን ንገረኝ።"

ያኔ "አሻጥር" ማለት በመንግሥት ላይ ሆን ተብሎ የተሠራ ወንጀል ማለት ነበር። በዚህ ቃል የታሰረ ሰው መቼ እንደሚፈታ... ይፈታ አይፈታ... የሚያውቅ የለም።

አምባቸው መካኒኩን ያውቀዋል። ሙሉአለም ይባላል። ቢቸና ከመጣ ብዙ ያልቆየ፣ ሰላምታ ብቻ የሚለዋወጡ ሰው ነው።

ስሙን ቢናገር አምባቸው ራሱ ነፃ ነው።

ወደ ጓድ ደምለው ዞረ...

"እኔ ነኝ ጓድ። ጠዋት ሳንነሳ እኔ ነካክቼዋለሁ።"

እማማ ይርጋነሽ አፈጠጡበት።

"አንተ ነህ ልትፈጀን የነበርክ? የሰው ነፍስ መጫወቻ ነው? እግዜር ይይልህ።"

በሌላ መኪና ሞጣ ገቡ። አምባቸው ታሰረ።

በማግስቱ እማማ ይርጋነሽ ለምስክርነት ተጠሩ። ጓድ ደምለውም ከመርማሪው ጎን ተቀምጠዋል። እማማ በሾፌሩ ላይ መመስከር ሲጀምሩ... በሩ ተከፈተ።

ዘይት የነካው ቱታ የለበሰ ሰው ገባ። ወሬውን ቢቸና ሰምቶ በጭነት መኪና የመጣ ነው።

"ሙሉአለም እባላለሁ" አለ። "መኪናውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን ቱቦ ሳላጠብቅ ረሳሁት። አሻጥር አይደለም... መርሳት ነው። እዚህ ያሰራችሁት ሰው ምንም አላደረገም።"

እማማ ይርጋነሽ ዞረው አዩት... ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ።

ልጃቸው ነበር።

ሥራ አገኘሁ ብሎ ቢቸና የገባው... አንድ ልጃቸው።

ነጠላቸውን አነሱ። ከዚያ ወደ መርማሪው ዞሩ።

"ጌታዬ፣ እኚህን ጓድ ፈርቼ ልተወው የነበረ ነገር አለ። ስሳፈር ይሄ ሾፌር 'ጓድ፣ ፍሬኑ ልክ አይደለም፣ እንመለስ' ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሳቸው ደግሞ 'ከሰርቪስ የወጣ መኪና ምን ይሆናል፣ ንዳ' አሉት።"

መርማሪው ጓድ ደምለውን አየ። ጓድ ደምለው መስኮቱን አዩ።

ከዚያ ወዲያ "አሻጥር" የሚል ቃል ያነሳ የለም።

አምባቸው በዚያው ዕለት ተፈታ። ሙሉአለም ከሥራ ታግዶ ትንሽ ከረመ... በኋላ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ተመለሰ።

እማማ ይርጋነሽ አምባቸውን በር ላይ ጠበቁት።

"ልጄ መሆኑን አውቀህ ነው?"

"አላወቅሁም እማማ።"

"ታዲያ ስለምን ብለህ ሸሸግኸው?"

አምባቸው አንገቱን ደፋ።

"የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም ነበር... የአንዲት እናት ልጅ መሆኑን ግን አውቃለሁ።"

እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ቀድሞ ደግፎ ያዛቸው።

ወገኖቼ... በድንጋጤ ሰዓት ከአፋችን የምናወጣው ስም የሰው ዕድሜ ሊበላ ይችላል። ጥፋቱ የራሳችን ሲሆን ደግሞ፣ ሌላ ሰው ሳይከፍልልን በገዛ እግራችን እንምጣ።

እስቲ ልጠይቃችሁ... አምባቸውን ብትሆኑ ስሙን ትናገሩ ነበር? ሙሉአለምን ብትሆኑስ... ያን መንገድ ትሄዱት ነበር?