ክንፍ የለም

«ክንፍ የለም» አለች ታናሿ እህት፣ አምስት ካርዶች ጠረጴዛው ላይ እየደረደረች። «መብረር የለም፣ በግድግዳ ማለፍ የለም፣ የሰው ሐሳብ ማንበብም የለም። ያለው ይሄ ነው፤ ምረጡ።»

ታላቅ ወንድሟ ሳቀ። ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ሲስቅ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ካርዶቹን አንድ በአንድ አያቸው። ዘበኛ፣ ሌባ፣ ፈዋሽ፣ መንገድ መሪ፣ ተሸካሚ። ሁሉም ተራ ሰው፣ ሁሉም በእግሩ የሚሄድ።

«ዘንዶስ?» አለ።

«ዘንዶ የለም።»

«እሺ፣ ግማሽ ዘንዶ?»

«ግማሹም የለም፣ ጋሼ።»

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እሱ ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ አንድ ሰው ይሆናል፣ እሷ ዓለሙን ትተርካለች፣ ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥረውን ነገር ዳይሱ ተወርውሮ በሚወጣው ቁጥር ይፈርዳል። ባለፈው ጨዋታ ምረጡ ስትል የፈለጋችሁትን ብላ ነበር፤ ጥፋቱ ከዚያ ጀመረ። ወንድሟ ይዞት የመጣው ፍጡር ይበራል፣ እሳት ይተፋል፣ ቢወጉት ቁስሉ በራሱ ይድናል። ሌሎቹ ጫማቸውን አስረው ሳይጨርሱ እሱ ጠላትን ድባቅ መትቶ ይመለሳል! ሚስቱ ነርሷ ፈዋሽ ሆና ስትጫወት አንድም የምታክመው ቁስለኛ ሳታገኝ ቀረች። የአክስታቸው ልጅ ልብስ ሰፊውማ አንድ ቀን ተራውን ሲጠብቅ ሶፋው ላይ አንኮራፋ። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ሁሉም ሥራ በዛበት፤ ጠረጴዛውም ባዶውን ከረመ።

ዛሬ ስንት ተለምነው ነው የመጡት። ልብስ ሰፊው በር ላይ ቆሞ «እንደ ድሮው ከሆነ ሁለተኛ አትጥሩኝ» ብሏታል። ቀልዱን አልነበረም። እሷ ደግሞ ሁሉንም ባንድ ላይ የምታገኝበት ሌላ ቀን የላትም።

«ሥራዬ ሊፍት መጠገን ነው» አለች። «ከስድስት ሰው በላይ አይጫንም ብለን የምንለጥፈው ሰው ጠልተን አይደለም።»

«እኔ እንኳ በደረጃ ነው የምወጣው» አለ ልብስ ሰፊው።

ወንድሟ አልሳቀም። «ሳምንቱን ሙሉ የምሰማው የለም ነው! ሲሚንቶ የለም፣ ብረት የለም፣ ሠራተኛው የለም። እሁድ እንኳ ብበር ምናለበት?»

ይሄ አንጀቷን በላው። ያሳደጋት እሱ ነው፤ ቤቱን ሁሉ ለብቻው የተሸከመ ሰው ነው። ደግሞ መሸከሙን ያበዛዋል፤ ቤት ሲቀይሩ ቁም ሣጥኑን ማንም እንዳይነካብኝ ብሎ ብቻውን አውጥቶ ወገቡ ተይዞ ተኝቷል። «ያዙልኝ» የምትል ቃል ካፉ አትወጣም። አንጀቷን ቢበላውም ግን እሷ ወይ ፍንክች!

«ክንፍ የለም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ያለ እኔ ተጫወቱ!» ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። በገዛ ቤቱ የት ይሄዳል? ወጥ ቤቱ በር ላይ ሄዶ፣ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

«ከሄድክ አይቀር ሻይ ጣድልን» አለች ነርሷ፤ ፊቷንም አላዞረችለትም። የሌባውን ካርድ አነሳች። «እኔ ሌባዋ ነኝ። ሳክም ነው የምውለው፤ ዛሬ ማንንም አላክምም፣ እሰርቃለሁ።»

«እኔ ዘበኛ» አለ ልብስ ሰፊው። «እስቲ አንድ ቀን እንኳ ቀጥ ብዬ ልቁም።»

እህቱ የቀሩትን ሦስት ካርዶች ወደ ራሷ ሰበሰበች። ወንድሟ ባይመለስም ልትጀምር ቆርጣለች። ጀመረችም። ከፊታቸው ጥልቅ ገደል አለ፤ ማዶ የሚጠብቃቸው ከተማ አለ። ድልድዩ በሰንሰለት ነው የሚዘረጋው፤ ሰንሰለቱ ግን ተበጥሶ፣ ገደሉ ወገብ ላይ ካለች ድንጋይ ላይ ወድቋል። ነፋሱ ያፏጫል።

«ወርጄ ላምጣው» አለች ነርሷ።

«ሰንሰለቱ ከባድ ነው። አንቺ ቀላል ነሽ፤ አይነሳልሽም።»

«እኔስ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«የብረት ልብስ ለብሰሃል። በምን ትወርዳለህ?»

ሁለቱም ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለዋል፤ የሚያንኮራፋ የለም።

«ገመድ የላችሁም እንዴ?» አለ ከወጥ ቤቱ በር የመጣ ድምፅ።

«ገመዱ ያለው ተሸካሚው ጋ ነው» አለች እህቱ፤ ካርዱንም ወደ ባዶው ወንበር ገፋ አደረገችው።

ቀስ እያለ መጣ። ቆሞ ካርዱን አገላበጠው። «ይሄ ሰውዬ ምን አለው?»

«ገመድና ጥሩ ጀርባ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ይሁን፣ እኔ እወርዳለሁ። ገመዱን ዛፍ ላይ አስራለሁ።»

«ዛፍ የለም።»

«ድንጋይ ላይ።»

«ድንጋዩ ልሙጥ ነው፤ ያንሸራትታል።»

ካርዱን አየ፣ ጀርባውን ገልብጦ አየ፣ እሷን አየ። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ልትረዳው እንዴት እንደፈለገች! ግን አፏን ያዘች።

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«እንግዲህ…» አለ፣ ወደ ሚስቱ ሳያይ። «ያዙልኝ።»

ነርሷ ቀና ብላ አየችው። ስንት ዓመት አብራው ኖራ ይህችን ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ የሌለውን ገመድ ጨበጠች። ልብስ ሰፊውም ከኋላዋ ሆኖ ጨበጠ፤ የምሩን፣ ክንዱን አወጣጥሮ።

«እንዳትለቁኝ» አለ ተሸካሚው።

«ይዘንሃል፤ ውረድ» አለች ነርሷ።

እህቱ ዳይሱን መዳፉ ላይ አኖረችለት። ወዲያው አልወረወረውም። መጀመሪያ ዞር ብሎ እጆቻቸውን አየ።