ቅርብም ሩቅም

ካሜራ ሻጩ ዘርጋው ርካሽ የሚጠይቅ ደንበኛ አይወድም። ያን ቀን የገባችው ሴት አሮጌ ካሜራዋን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ «ቅርብም ሩቅም የሚያነሳ፣ ዋጋው የማይጎዳ ሌንስ ፈልጌ ነበር» አለችው።

«እህቴ፣ ሁሉን አነሳለሁ የሚል ሌንስ አንዱንም በወጉ አያነሳም» አላት እያላገጠ። «ባለሙያ ለቅርቡም ለሩቁም ለየብቻ ይይዛል። ለመሆኑ አንቺ ከሩቅ ምን ልታነሺ ነው? አሞራ?»

«ልጄን» አለች። «ሰኞ ሰኞ ትምህርት ቤት ባንዲራ ትሰቅላለች። እኔ አጥሩን እንዳላልፍ ፍርድ ቤት ከልክሎኛል።»

የዘርጋው ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ። መደርደሪያውን ከፍቶ ረጅሙን ሌንስ አወጣና፣ «ለዚህማ የሩቁ ብቻ ይበቃሻል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አይበቃኝም» አለች ሴትዮዋ። «አንድ ቀን ከፈቀዱልኝ ከቅርብም አነሳታለሁ።»