ዘፈን መሀል የምትገባዋ ሴትዮ

ምትኩ አንድ እግሩን ታክሲው ውስጥ እንዳስገባ ደርቆ ቀረ። ረዳቱ «ይግቡ እንጂ አባባ፣ ሰው ይጠብቃል!» ቢለውም አልሰማውም። እግሩን መልሶ አወጣና ፊቱን ወደ ሱቆቹ አዞረ።

ከአንዲት ጠባብ ሙዚቃ ቤት በር ላይ፣ እዚሁ ላፍቶ፣ ዘፈን ይንቆረቆራል። ዘፈኑን አገር ያውቀዋል። ምትኩን ያስደነገጠው ዘፈኑ ሳይሆን ከልኩ ዘግየት እያለ መጎተቱ ነው። እንደዚያ ጎተት እያደረገ ካሴት የሚገለብጥ ማሽን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጎፋ፣ የምትኩ ሙዚቃ ቤት ውስጥ። ቤቱ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! የተረፉትን ካሴቶች ሚስቱ ፀሐይወርቅ ናት «ቤት አጣበቡ» ብላ በማዳበሪያ ሞልታ ለቆራሌው የሰጠቻቸው። እሷም ከሞተች ቆየች።

ያኔ ሙዚቃ ቤቶች እርስ በርስ ይሰራረቁ ነበር። አንዱ ደክሞ የመረጠውን ስብስብ ሌላው አንድ ይገዛና አባዝቶ ይቸበችበዋል። ምትኩ ታዲያ ብልጥ ነኝ ብሎ ዘፈኑን ቆም ያደርግና፣ ያውም አንጀት ከሚበላው ቦታ ላይ፣ ፀሐይወርቅን ማይክ አስይዞ «ይህ ቅጂ የምትኩ ሙዚቃ ቤት ነው፣ ጎፋ!» ያስብላታል። ደንበኞቹ አበዱ። «ኧረ በማርያም፣ ሚስትህን ከዘፈናችን ላይ አስወጣልን!» ይሉት ነበር። እሷ ትስቃለች፣ እሱም ይስቃል።

ዛሬ ያቺ ድምፅ የለችም። ፎቶዋማ ሞልቷል፤ ግድግዳው ሁሉ እሷ ናት። ድምጿ ግን ከጆሮው ጠፋ። የተናገረችውን አንድ ባንድ ያስታውሳል፤ እንዴት አድርጋ እንደምትለው ነው የጠፋበት። ሊያመጣው ሲታገል የሚመጣለት የእህቷ ድምፅ ነው፤ አንዳንዴ ጭራሽ የራሱ። ሞቷን ችሎታል፣ ይሄኛውን ግን አልቻለውም፤ ይፈራል። ስንት አሮጌ ካሴት አገላብጦ የእሱ ቤት የቀዳው አንድ እንኳ አላገኘም።

እና አሁን፣ መንገድ ዳር፣ ዘፋኙ ሁለተኛውን ስንኝ ሊጨርስ ነው። እሱ ሲያልቅ እሷ ትገባለች። ምትኩ የሱቁን በር ጨብጦ ቆመ።

ስንኙ አለቀ። አዝማቹ ተተካ። እሷ አልገባችም።

«አባባ፣ ደህና ነዎት? ኧረ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለችው ባለሱቋ። ለሊሴ የምትባል ልጅ ናት፤ ሥራዋ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን መጫን ነው።

«ይሄን ዘፈን ከየት አመጣሽው?»

«ከካሴት ነዋ! ለቡ አንድ ቤት ሲፈርስ ከወጣ ዕቃ መሀል ተገኘ። ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩት ራሴ ነኝ» አለች ደስ ብሏት። «ኦሪጅናል ነው። አንዲት ሴትዮ ብቻ መሀል ላይ እየገባች ታበላሸው ነበር፤ ይህ ቅጂ ምናምን እያለች። ሙልጭ አድርጌ አወጣኋት። አያስታውቅም አይደል?»

ወይ ለሊሴ! ምን ታድርግ፣ ሙያዋን ልታሳይ ነው።

«ካሴቱስ?» አለ ምትኩ።

«ገልብጬ እንደጨረስኩ ቴፑ በላው። አይጠገንም፣ ጣልኩት።»

«ያልነካካሽውስ? ሴትዮዋ ያለችበት?»

«እሱንማ አጥፍቼዋለሁ። ሁለት ሁለቱን ማስቀመጥ ቦታ ይይዛል።» ፊቱን አየችና ሳቋ ቀዘቀዘ። «ምነው አባባ? አጠፋሁ እንዴ?»

ምትኩ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «እስቲ የቆረጥሽበትን ቦታ አሰሚኝ» አለ።

ኢርፎኑን አንዱን ለእሱ ሰጠችው፣ አንዱን እሷ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ዘፈኑን ወደፊት ጎተተችና ስክሪኑ ላይ አንድ ስፍራ በጣቷ ነካች። «እዚህ ጋ ነበረች» አለች፣ መቃብር እንደሚያሳይ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ለምን እንደዚያ እንዳለችው ራሷም አታውቅም።

ከፈተችው። ሁለተኛው ስንኝ አለቀ። ከዚያ፣ አዝማቹ ከመግባቱ በፊት፣ በታክሲዎቹ ጫጫታ ከውጭ ያልተሰማ ነገር መጣ። ትንፋሽ። ሰው ሊናገር ሲል ሳብ የሚያደርጋት፣ ጫፏ ላይ ሳቅ ያለባት ትንፋሽ። ፀሐይወርቅ ማይክ ትፈራ ነበር። ከመናገሯ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ትስባለች፣ እሱ ደግሞ ከማሽኑ ኋላ ሆኖ «በይ እንጂ!» ይላታል።

«ውይ፣ ይቺ ደግሞ አምልጣኛለች» አለች ለሊሴ አፍራ። «አሁን ነው የማጸዳት።» እጇ ወደ ማውሱ ሄደ።

ምትኩ እጇን አፈፍ አደረገ። «እንዳትነኪያት!»

«አባባ…»

«ባለቤቴ ናት። እንዳትነኪያት ልጄ፣ በእናትሽ!»

ለሊሴ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ውይ በሞትኩት!» አለች። «ሌላ ምንም አልተረፈም እኮ። ይቺው ብቻ ናት።»

«እሷኑ ጫኚልኝ።»

«ከነዘፈኑ?»

«ዘፈኑን ምን ላድርገው! እሷን።»

ልጅቷ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ሠራች። ከዘፋኙም ከክራሩም ለይታ፣ ያቺን ትንፋሽ ብቻዋን አወጣቻት። ከዐይን ጥቅሻ አትበልጥም። አሰማችው። ፀሐይወርቅ ሳብ አደረገችና ቀረች። ምትኩ አሁን ትናገራለች ብሎ ጠበቀ፤ አልተናገረችም።

«ድገሚው» አለ።

ደገመችው። ፀሐይወርቅ ልትናገር ትንፋሿን ሳበች፤ ምትኩም እንዳያቋርጣት የራሱን ያዘ።