ጎረቤት በር ላይ የተሰካችው የፒዛ ወረቀት

"እማ! ቢላዋ ይዘሽ በሩ ላይ ምን እየሰራሽ ነው?!"

ሶልያና ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ ነው የጮኸችው...

እናቷ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ቀና ብለውም አላዩአትም። ልጃቸው በሩ ላይ የለጠፈችውን "የማስታወቂያ ወረቀት አታስገቡ" የሚል ስቲከር በቢላዋ እየፋቁ ነበር።

"ወረቀቱ ቀረብኝ እኮ!" አሉ ተቆጥተው።

የቱ ወረቀት? የፒዛው? የታክሲው? ወይስ "ቤትዎን እንሽጥልዎ" የሚለው? (የሚኖሩት የካውንስል፣ የመንግሥት ኪራይ ቤት... የሚሸጡትም የላቸው!)

ሶልያና ግራ ገባት።

ልጅቷ ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ ሪሳይክል ማድረግን እንደ ዓርብ ጾም የምታከብር ናት። ሃርልስደን ሰፈር ባለው የእናቷ ፍላት (አፓርታማ) መሳቢያ ሙሉ የማስታወቂያ ወረቀት ስታገኝ ሁሉንም ጠርጋ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ከተተችው። ስቲከሩንም ያኔ ለጠፈች።

እናቷ ጭራሽ ሕንጻው መግቢያ ላይ የወደቀውን መልቀም ጀመሩ...

"እማ፣ ይሄ ቆሻሻ ምን ያደርግልሻል? አታነቢው!"

"አንቺ ምን ቸገረሽ?"

ሶልያና ማሰብ ጀመረች። እናቴን መርሳት ጀመራት ማለት ነው? ቀስ በቀስ እኔንም ልትረሳኝ ነው? ፈራች። ሳትነግራቸው ጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ጋ ደውላ ቀጠሮ ቡክ አደረገች።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ልትወስዳቸው መጣች።

ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት በር ላይ፣ በፖስታ ማስገቢያው ቀዳዳ አንዲት የፒዛ ወረቀት ግማሿ ወጥታ ተንጠልጥላለች።

"ኧረ እዚህም!" ብላ መዘዘቻትና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

ወደ እናቷ ቤት ገባች። ወይዘሮ ጥሩብርሃን በሩን ከፈት አድርገው፣ አንገታቸውን አውጥተው የጎረቤቱን በር አዩና... "ተመስገን!" ብለው ቁርሳቸውን ሊበሉ ተቀመጡ።

ሶልያና ይባስ ዞረባት። በር አይቶ ተመስገን?

"እማ... ምኑን ነው ያመሰገንሽው?"

"ሚስተር ዴዝመንድ ደህና አድረዋል።"

"አላየሻቸውም እኮ! በምን አወቅሽ?"

"ልጄ... ሰውዬው ብቻቸውን ናቸው። ጆሯቸው አይሰማ፣ ባንኳኳ አይከፍቱ። የኔም እንግሊዝኛ ከሄሎ አያልፍ። ታዲያ ጎረቤት እንዴት አደርክ ሳይባባል ይውላል እንዴ? በምልክት ተግባብተን፣ ማታ ማታ አንድ ወረቀት በራቸው ላይ እሰካለሁ። ጠዋት ሲነሱ ወደ ውስጥ ይስቡታል። ወረቀቱ ከሌለ በሰላም ተነስተዋል ማለት ነው። ይኸው ዛሬም ስበውታል።"

ሶልያና ወረቀቷን ከቦርሳዋ አወጣች።

"እማ... ዛሬ የሳብኩት እኔ ነኝ።"

እናት ብድግ! ሚስተር ዴዝመንድ ለክፉ ቀን ብለው የሰጧቸውን ቁልፍ አንስተው ሮጡ... እኒያ ሁሌ ጉልበቴን ጉልበቴን የሚሉት ሴትዮ!

አዛውንቱ ኩሽናቸው ወለል ላይ ወድቀው ነበር። መነሳት አቅቷቸዋል... ግን በሕይወት አሉ።

አምቡላንስ ተጠራ። በቃሬዛ ሲያወጧቸው የወይዘሮ ጥሩብርሃንን እጅ ያዝ አድርገው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?" ጠየቁ እናት።

ሶልያና እያለቀሰች ተረጎመችላቸው...

"ወረቀቱን ካልሳብኩ እንደምትመጪ አውቅ ነበር... ዛሬ ግን ዘገየሽ፣ ነው የሚሉሽ።"

...

ወዳጆቼ... ሶልያና ክፉ ልጅ አይደለችም። እናቷን ከልቧ ትወዳለች። ግን "ምን ያደርግልሻል?" ያለች ቀን ተቆጣች እንጂ አልጠየቀችም። ቁጣን ደግሞ ማንም እናት በቁጣ ነው የምትመልሰው።

የወላጆቻችንን ነገር ቆሻሻ ብለን ከመጣላችን በፊት፣ ቁጭ ብለን፣ ረጋ ብለን እንጠይቃቸው። እኛ ያልገባን ነገር ሁሉ እርጅና አይደለም።

እስቲ እናንተም በኮመንት መስጫው በሐቅ መልሱልኝ...

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችሁ በሰላም መነሳቱን በምን አወቃችሁ?