ዝቅ ያለው ኮርቻ

የውዳላት ብስክሌት ኮርቻ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ወር ሙሉ ስትነዳው ጉልበቷን ስላላመማት ግን ልብ አላለችውም። ሕመምን በአምባር ለቤተሰብ ማስተላለፍ ከተፈቀደ ወዲህ የእሷን የምትቀበለው እናቷ ናት።

በውድድሩ ዋዜማ ከልምምድ ስትገባ የቤቱ ጫማ ሁሉ መስኮት ላይ ተደርድሯል።

«እማዬ፣ ጫማ መስኮት ላይ ምን ይሠራል?»

«ቁጢጥ ማለት አቃተኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ነገ ውድድር አለብሽ። እኔ ከማን ጋር ልሽቀዳደም ነው?» እናቷ ሳቀች።

ውዳላት አምባሩን ከእናቷ ክንድ ላይ መንጭቃ አወለቀችው። ወዲያው የገዛ ጉልበቷ እንደ እሳት ለበለባት።

«አምጪ አንቺ ልጅ! በዚህ እግርሽ ልትወዳደሪ?»

«መጀመሪያ ኮርቻውን ከፍ ላድርገው» አለች። አምባሩን ኪሷ ከተተች፣ መፍቻዋን አነሳች፣ እያነከሰች ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።