የአራት ደቂቃ መንገድ

ከአሶሳ አዲስ አበባ በረራው አራት ደቂቃ ነው። ሰውነት ግን የድሮውን መንገድ አይረሳም፤ በእግሩ እንደመጣ ሁሉ በእያንዳንዱ በረራ የሃያ አምስት ቀን ዕድሜ ይጨምራል። አውቶቡስ ከቀረ ደግሞ ቆይቷል። ፀዳለ አሶሳ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮልፌ ታላቅ እህቷ ዘንድ ትመጣለች፣ እሑድ ማታ ትመለሳለች። ይኸው አራተኛ ዓመቷ።

እንደ ወትሮው ታክሲው ውስጥ የጥፍር መቁረጫዋን አወጣች። ጠዋት አሶሳ ላይ የቆረጠችው ጥፍር አድጎ ሹራቧን እየያዘ አስቸግሯታል። ጉልበቷም እሺ አላላትም፤ የቤቱን አምስት ደረጃ ግድግዳ ተደግፋ ወጣች።

እትዬ የውብዳር ሳሎን ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ፀዳለን በሰባት ዓመት ትበልጣታለች፤ አዝላ ያሳደገቻትም እሷ ናት። በሩ ሲከፈት ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶት ስለነበር ነጭ ፀጉር ብቻ ነው የታያት። ቢላዋውን አስቀምጣ ብድግ አለች።

«ኖር! ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

ወዲያው ለየቻትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ ፀዱዬ! አንቺ ነሽ እንዴ? ይሄ የተረገመ ሽንኩርት እኮ ነው!»

ፀዳለ «ምንም አይደል እትዬ» ልትላት አስባ ነበር። ግን በጣም ደክሟት ስለነበር፣ ለተነሳላት ሰው የሚመለሰው ቃል ሳታስበው ቀድሞ ከአፏ ወጣ።

«በእግዜር፣ ልጄ።»